የብርቄና የጥላዬ አጥር

የእህቴ ልጅ ዓመት ከዓመት የሚቀጥል አስቂኝ ድራማ በቴሌቪዥን እያየች፣ «አክስቴ፣ ይሄ ነገር ድሮ ሆዴን ያስይዘኝ ነበር፤ አሁን ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ከተቀመጥኩበት እንዴት እንደተነሣሁ እንጃ! «አውቃለሁ! ምን እንደሆነ እኔ ልንገርሽ!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቱ ደነገጠች፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ስጮህ ሰምታኝ አታውቅማ። በወረቀት ላይ እኔ ታይፒስት ሆኜ ተቀጥሬ፣ የባህል ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሴትዮ ነኝ። ወረቀቱ የማይለው ግን፣ በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ አራት ዓመት ሙሉ ብርቄ ነበርኩ። ብርቄ ነበርኩ ስላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ! በገበያ ስሄድ ድንች ሻጮቹ ሚዛናቸውን ትተው የሚያዩኝ ብርቄ!

ነገሩ የተጀመረው እንዲሁ በመሙያነት ነው። የአውራጃችን የኪነት ቡድን ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ በቀበሌው አዳራሽ ትርዒት ያሳይ ነበር። መዝሙር አለ፣ ሽለላ አለ፣ እስክስታ አለ። ዘፋኞቹ ልብስ እስኪቀይሩ መድረኩ ባዶ እንዳይሆን አንድ አጭር ጭውውት ያስፈልግ ነበር። ለዚያ ነው እኔን ከታይፑ ላይ ያነሡኝ። «የሺ በቢሮው ኮሪደር ስታወራ እስከ ግቢው በር ይሰማል» ተባለና ተመረጥኩ። አበል የሚባል ነገር የለም፤ ደመወዜ የታይፒስት ደመወዝ ነው፣ በቃ።

ጭውውቱን የሚጽፉትም የሚያዘጋጁትም ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ጋሽ ሰይድ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው የተቀመጠችው በገበያው ዳር፣ የአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆነው የደብረ ታቦርን ጠብ ሁሉ ይሰማሉ። ሁለት ሴቶች ከተጣሉ እግራቸውን ከመርገጫው ያነሣሉ። መኪናዋ ዝም ካለች ጋሽ ሰይድ ጠብ እየሰሙ ነው ማለት ነው። ስንለማመድ ደግሞ የሚያደርጉት ነገር ያበሳጨኝ ነበር፤ ጠቡን ሁሉ በሹክሹክታ ያስጠኑናል። «ጋሼ፣ ጠብ እኮ ነው! ሰው እንዴት በሹክሹክታ ይጣላል?» እላቸዋለሁ። «አንቺ ድምፅ አለሽ፣ እሱን አውቃለሁ። እስቲ ያለ ድምፅ ሰውን አስቂ» ይሉኛል። ትርዒት ሲጀመር መድረኩን አያዩም። ጥግ ላይ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው የሰዉን ትከሻ ነው የሚያዩት። ትከሻው ካልተነቃነቀ ያቺ ንግግር ለሚቀጥለው ቅዳሜ የለችም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ብርቄ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትና ጥላዬ የሚባል ጡረተኛ ጎረቤታሞች ናቸው። በመካከላቸው አንድ አጥር አለ፤ አጥሩ ቀዳዳ አለው። የብርቄ ዶሮ በቀዳዳው ሾልካ የጥላዬን ስጥ ትበላለች፣ ጥላዬ ገብሱን አስጥቶ ዞር ካለ አለቀለት። ከዚያ ጠብ። ሌላ ምንም የለም! ጥላዬን የሚጫወተው ደምሴ ነበር፤ የግብርና መሥሪያ ቤት ሹፌር፣ ቀጭን፣ እርጋታው የሚያናድድ ሰው።

የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አይረቡም ነበር። እኔ እጮኻለሁ፣ ደምሴ ይንተባተባል፣ ሕዝቡ ዘፈኑን ይጠብቃል። ዶሮዋ እውነተኛ ዶሮ ነበረች፤ አንድ ቀን ከመድረክ ወርዳ ስትሄድ አንዲት የእብናት ሴት ይዛ ነጠላዋ ሥር ከተተቻትና «ይቺ የኔ ናት፣ ከገበያ ነው የገዛኋት» ብላ ድርቅ አለች። ያን ቀን የሳቀው ሕዝብ በእኛ አይደለም የሳቀው፣ በሷ ነው።

ኋላ አንድ ቅዳሜ ምን ሆነ መሰላችሁ! እኔ የስድብ ናዳዬን አውርጄ ጨርሼ የደምሴን መልስ እጠብቃለሁ፤ ደምሴ ጠፋበት። ጭልጥ አለበት! ዝም ብሎ ዞር አለ፣ መድረኩ ላይ ከነበረው ምድጃው አጠገብ የተቀመጠውን ገል አነሣ፣ ሁለት ፍም አደረገበትና በአጥሩ ቀዳዳ በኩል አሳለፈልኝ። እኔም ምን ልበል፣ ቃል ሳልተነፍስ ተቀበልኩት፣ ምድጃዬ ላይ አስቀመጥኩት፣ እፍ ብዬ አቀጣጠልኩና እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ «አንተ ሌባ!» ብዬ ስድቤን ካቆምኩበት ቀጠልኩ። አዳራሹ ፈረሰ! አግዳሚ ወንበር ከነሰዎቹ ተገለበጠ። የጎረቤት እሳት ሳይጫር የሚመሽ ቀን የለማ፤ ጠብ ደግሞ ጠብ ነው። ከመድረክ ስወርድ ጋሽ ሰይድ ሁለት እጄን ይዘው፣ «አገኘነው! አገኘነው የሺ! እንግዲህ ጨዋታው ዶሮዋ አይደለችም፣ ቀዳዳው ነው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የኔም።

ከዚያች ቀን ወዲያ ጋሽ ሰይድ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሉኝ። «ብርቄ ጥላዬን አትጠላውም። አጥሩን ትቶ ቤቱን ሸጦ እንዳይሄድባት ነው የምትፈራው። ይህን ካላወቅሽ አትውጪ።» ይህን ልቤ ውስጥ ይዤ ስሰድበው ስድቡ ሁሉ ሌላ ሆነ። ሕዝቡም ለዘፈኑ መምጣቱን ትቶ ለእኛ ይመጣ ጀመር፤ ዘፋኞቹ አኮረፉን።

ጨዋታችን ወራት ነበረው። ከመስቀል በኋላ ይጀምርና ቅበላ ላይ ያቆማል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮም ሳቅም የለም፤ ከፋሲካ በኋላ እርሻው ይመጣል፣ ክረምቱ ይመጣል። ይህን ወግ አጥብቀው የሚጠብቁት ደግሞ ጋሽ ሰይድ ነበሩ፣ ሙስሊሙ! «ያረፈ ሆድ ነው የሚስቅ፣ ያረፈ መሬት እንደሚያበቅል» ይሉ ነበር። በእነዚያ የእረፍት ወራት መኪናቸውን እየረገጡ ለሚመጣው ዓመት ያስባሉ። ለዚህ ነው አራቱን ዓመት እንደ አራት የተለያዩ ልጆች ለይቼ የማውቃቸው።

ሁለተኛው ዓመት! አይ ሁለተኛው ዓመት! እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጧጧፈበት ነበርና ከላይ «ስለ ፊደል ቅስቀሳ አስገቡ» ተባልን። እኔ ጉዳችን ፈላ አልኩ፤ ቅስቀሳ በገባበት ሳቅ ይወጣል ብዬ። ጋሽ ሰይድ ግን ሳምንት ዝም ብለው ሰፉና ይዘው መጡ። ጥላዬ ብርቄን ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ይከሳታል። የክስ ወረቀት ይደርሳታል። ማንበብ አትችልም፤ ለሰው ማስነበብ ደግሞ ውርደት ሆነባት። ስለዚህ ፊደል ልትቆጥር ገባች። በየቅዳሜው ጥቂት ፊደል ትጨምራለች፣ በየቅዳሜው ክሱን ትንሽ ታነባለች። ያቃታትን ፊደል ማን ይነግራታል? በአጥሩ ቀዳዳ ራሱ ከሳሹ! «ይቺ ምንድን ናት?» ወረቀቱን አሾልኬ አሳየዋለሁ። ደምሴ መነጽሩን አድርጎ፣ ረጋ ብሎ፣ «እሷማ ‹ሌ› ናት። ከጎኗ ‹ባ› አለች።» እኔም ጣቴን እያስኬድኩ «ሌ... ባ...» እላለሁ። ቀና ብዬ አየዋለሁ። ወዮ የሕዝቡ ሳቅ! ሴቶች ከአግዳሚው ላይ ተነሥተው «ኧረ አታንብቢው፣ ተይው ብርቄ!» ይሉኛል። ልጆቻቸው ወደ ጦር ግንባር ሄደው የቀሩባቸው እናቶች ጥቁር ለብሰው መጥተው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ከመድረክ ላይ አያቸዋለሁ። ጊዜው ሰው ሳቅ የተራበበት ጊዜ ነበር። የዚያን ጊዜ የምሠራው ሥራ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ገባኝ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ታዲያ ከዚያ ከፍታ ላይ ወዴት ይኬዳል? መውረድ ነዋ።

በሦስተኛው ዓመት ደምሴ ወደ እብናት ተዛወረ። የመንግሥት ሹፌር ነው፣ ሂድ ሲሉት ይሄዳል። በሱ ቦታ ዘውዱ የሚባል የቡድናችን ዘፋኝ ገባ። መልከ መልካም ነው፣ ድምፁ ያምራል፣ ግን ሲጣላ እውነት ይቆጣል። እኔም እጮኽበታለሁ፣ እሱም ይጮኽብኛል፤ ሹክሹክታው ቀረ። ይህን ጊዜ ደግሞ አንዲት አነጋገር ተጣበቀችብኝ። ብርቄ ስትቆጣ «እኔን? እኔን ብርቄን?» ትላለች። ልጆች በየመንገዱ «እኔን ብርቄን?» ይላሉ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ በዚህ ነው የሚለኝ። ገና «እኔን» ከማለቴ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ጋሽ ሰይድ፣ «ሳትጨርሺው ካጨበጨቡልሽ ያረጀ ነው፤ ቁረጪው» አሉኝ። እኔ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ ሰው የሚወደውን እንዴት ልቁረጥ?» አልኩ። በወቅቱ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ፤ ጭብጨባ እየሰማ ማን አሮጌ ነው ይላል?

አራተኛው ዓመት ላይ ኃላፊያችን ጓድ ታምሩ ሙሉ በሙሉ ገባበት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም ከሁላችንም በላይ የሚወደው እሱ ነበር። የፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ክብሩን ረስቶ በሳቅ ይንፈራፈራል። ስለወደደው ነው ያበዛው። ለብርቄ እህት መጣችላት፣ ለጥላዬ የከብት ነጋዴ ወንድም መጣለት፣ በመድረኩ ላይ ሠርግ ተደገሰ፣ የጠፋ በሬ ተፈለገ። አሮጌው የእንጨት አጥራችን ተነሥቶ በጣውላ የተሠራ፣ አበባ የተሣለበት፣ ቀጥ ያለ አጥር ተተከለ። ቀዳዳ የለውም! ጋሽ ሰይድ፣ «ጓድ ታምሩ፣ እሳቱን በየት ያሳልፉት?» ሲሉት፣ «በላይ በኩል» አላቸው። በላይ በኩል! እሳት በአናት ላይ የሚቀበል ጎረቤት የት አይታችኋል?

በዚህ ሁኔታ ነው ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ወደ ጎንደር የሄድነው። ያሸነፈ በቴሌቪዥን ይታያል ተብሎ ነበር። በወረታ፣ በአዲስ ዘመን እየዘፈንን ሄድን፤ የእኔ ልብ እንደሆነ አዲስ አበባ ደርሳለች።

አዳራሹ ሰፊ፣ ድምፅ ማጉያው ብዙ። ወጣሁ። ጥላዬ ሰደበኝ። እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩና «እኔን? እኔን ብርቄን?» አልኩ። ዝም። አንድ ሰው ሳለ። አልሰሙኝም ብዬ ወደ ማጉያው ጠጋ ብዬ ደገምኩት። ዝም። ሦስተኛ ስለው ከኋላ አንድ ሰው «ይበቃሻል እህቴ፣ ሰምተናል!» አለኝ። ያን ጊዜ ሳቁ። እኔ ላይ ሳቁ። እስከ መጨረሻው እንዴት እንደተጫወትኩ አላውቅም፤ ስወርድ ጥግ ይዤ ተንሰቀሰቅኩ።

ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ተቀመጡ። አልተቆጡኝም። «የሺ፣ የደብረ ታቦር ሰው ዘንድሮ የሚስቀው በዘንድሮው አይደለም፤ ያለፈውን አስታውሶ ነው። የጎንደር ሰው የሚያስታውሰው የለውም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አንድ ዓመት ብንጨምር የኛም ሰው ይሰለቸናል። ሲሰለች ደግሞ ፍሙንም፣ ‹ሌባ›ዋንም አብሮ ይጠላቸዋል። አሁኑኑ መጨረስ አለብን፣ ገና እየወደዱን» አሉ። እስከዚያ ድረስ ብርቄ የምታልቅ ከሆነ እኔም የማልቅ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ጥግ ላይ ተቀምጬ ግን የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ብርቄ ሳትዋረድ እንድትሰናበት።

ጓድ ታምሩን ጠየቅነው። «መጨረሻ እንዳትጽፉ!» አለ። «ይሄማ ሕዝቡን መቀማት ነው። በሚመጣው ዓመት ይቀጥላል፤ ወራቱም ይሰፋል፣ በጾምም እናሳያለን።» ትእዛዝ ነው፣ ምን ይደረጋል። ጋሽ ሰይድ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቅበላውን ቅዳሜ በአሮጌው አጥር እንድንጫወት። እሺ አለ። ዘውዱ ራሱ፣ እግዜር ይስጠው፣ «እኔ ዘፈኔ ይሻለኛል፣ ደምሴን ጥሩት» አለና መልእክት ተላከ።

ቅዳሜ ገበያው ሳይበተን ደምሴ ከእብናት በእህል ጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ፣ ነጭ አቧራ ለብሶ ከች አለ! አቀፍኩት። «ንግግሩን ታስታውሰዋለህ?» አልኩት። «መቼ አውቄው አውቃለሁ» አለኝ። ሳቄ መጣ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ የጋፋት ገበሬዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ጓድ ታምሩ መድረክ ላይ ወጥቶ «በሚመጣው ዓመት በሰፊው ይቀጥላል!» ብሎ አወጀና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ጀመርን። ዶሮ፣ ስጥ፣ አጥር፣ ሁለት ሰው። «እኔን ብርቄን?» ምላሴ ላይ መጣች፤ ዋጥኳት። በምትኩ ዝም ብዬ በቀዳዳው አየሁት። ደምሴም አየኝ። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ እንደ ልምምዳችን በሹክሹክታ፣ «ሌባ» አልኩት። ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ! አቤት ያን ሳቅ! አሮጌ ሳቅ አልነበረም፣ ትኩስ ነበር። እሳቱ ተጫረ፣ ስድቡ ቀጠለ፣ ጠቡ ጦዘ። ጽሑፉ የሚያልቀው እዚያው ጠብ መሀል ነው፣ መጨረሻ አትጻፉ ተብለናልና።

በዚህ መሀል ከግድግዳው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። አያ ካሤ ይባላሉ፣ የጋፋት ሰው ናቸው፤ በአገሩ እርቅ ካለ እሳቸው አሉ። ሁለት እኩዮቻቸውን አስከትለው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ ቀጥ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ። በእኔና በደምሴ መሀል ቆሙ።

«ልጆች፣ ጨዋታ እንደሆነ እናውቃለን። ሞኝ አይደለንም» አሉ። «ግን አራት ዓመት! ቤታችን ስንገባ የሕፃን የሽማግሌው ወሬ ብርቄና ጥላዬ ሆኗል። ነገ ቅበላ ነው። ጾም ሊገባ እያለ የተጣላ ሰው ትተን ወደ ቤታችን አንገባም። በሉ ታረቁ።»

እኔ ጋሽ ሰይድን ፈለግኳቸው። እሳቸውም አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል፤ ማንም ያሰበው፣ ማንም የጻፈው አልነበረም። ደምሴ ግን ደምሴ ነው! «አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ከሆነ ድንጋይ ልሸከም» አለ። መድረኩ ላይ ድንጋይ የለም። ዘወር ዘወር አለና ዶሮዋን አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከማት፣ እግሬ ሥርም ተንበረከከ። ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። እኔ እየሳቅኩ እንባዬ ይወርዳል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት፣ አነሣሁት፣ ተሳሳምን። እልልታው ጣሪያውን አነሣው!

አያ ካሤ እጃቸውን አነሡ። «ዝም በሉ። እርቅ ያለ ዋስ እርቅ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ዳግመኛ እንዳይጣሉ ዋሳቸው ማን ነው?»

«እኔ!» አለች አንዲት ጥቁር ለባሽ እናት። «እኔ!» «እኔም!» አግዳሚው ሁሉ ተነሣ። ጋሽ ሰይድ ከጥጋቸው «እኔም!» አሉ። አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ቀረ፤ ጓድ ታምሩ። አያ ካሤ ወደሱ ዞሩ። «አለቃቸው አንተ ነህ። የማጣላቱም የማስታረቁም ሥልጣን በእጅህ ነው። አንተስ ዋስ ነህ?»

ጓድ ታምሩ አያ ካሤን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ዶሮዋን ተሸክሞ የቆመውን ደምሴን አየ። ፊቱ ተኮማተረ፤ ሊቆጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አንገቱን ነቀነቀና ሳቁ አመለጠው፣ እንደ ወትሮው ክብሩን ረስቶ። ተነሣ። «እኔም ዋስ ነኝ» አለ።

ዋስ የሆነ ሰው መልሶ አያጣላም። በሚመጣው መስቀል በሰፊው ይቀጥላል የተባለው ነገር በዚያው ቀረ፤ ጓድ ታምሩም አንድ ቀን እንኳ አላነሣውም። ደምሴ በማግስቱ በዚያው ጭነት መኪና ወደ እብናት ተመለሰ፤ እኔም ሰኞ ወደ ታይፕ መኪናዬ። ለጉዳይ ወደ ቢሮ የሚመጣው ባለጉዳይ ሁሉ በቅድሚያ የሚጠይቀኝ፣ «ከጥላዬ ጋር ሰላም ናችሁ?» ብሎ ነው። «ሰላም ነን» እላለሁ። ይመርቀኝና ከዚያ በኋላ ነው ጉዳዩን የሚነግረኝ።